ጨርቁ የት ጋ ይጥበቅ?

የበኩር ልጃችን በተወለደ በማግሥቱ አማቴና አንዲት ነርስ በአንድ ነጠላ ተያያዙ። አማቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ብርድ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምራቸውም። ልጁን አልጋው ላይ አጋደሙት፤ ሁለቱን እግሮቹን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገጥመው በአንድ እጃቸው ያዙ፤ በሌላው ጉልበቶቹን ጫን ጫን አድርገው አቀኗቸው፤ ከዚያ ከደረቱ እስከ ተረከዙ ጥቅልል አድርገው የጨርቁን ጫፍ ከሥሩ ሸጎጡት። ልጁ ጸጥ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ለቅሶ ሲሰማ ላደረ ቤተሰብ ያ ጸጥታ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ያየው ያውቀዋል።

«እማማ፣ እግሩን ይልቀቁለት፤ ዳሌው ይጎዳል» አለች ነርሷ።

«አይ ልጄ፣ ሰባት ወልጄ ሰባቱንም እንዲህ ነው ያሳደግኩ። አንዳቸው ወልጋዳ ናቸው? ይኸው እናቱን እያት!»

ነርሷ ሳቅ ብላ ጨርቁን ከወገቡ በታች አላላችውና ወጣች። በሩ በቅጡ ሳይገጠም አማቴ መልሰው አጠበቁት። እኔ የአጥሚት ፔርሙስ ይዤ መሐል ቆሜያለሁ፤ ከማን ጋር እንደምቆም አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጨርቅ የተጻፈውን ባገኘሁት ቁጥር ሳነብ፣ ሐኪም ባገኘሁ ቁጥር ስጠይቅ ከረምኩ። የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ግን አማቴ ስለ ክንዱና ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ነርሷ ደግሞ ስለ እግሩና ስለሚቀጥሉት ወራት ነበር የሚናገሩት። ክርክሩ ሁልጊዜ «ይጠቅለል ወይስ አይጠቅለል» ተብሎ ስለሚነሣ አያልቅም። የት ጋ ይጥበቅ፣ እስከ መቼ፣ ተጠቅልሎስ እንዴት ይተኛ ተብሎ ቢነሣ ግን አብዛኛው መልስ ተገኝቷል።

ልማዱ የማን ነው ቢባል የሁሉም ነው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የጌታን ልደት ሲተርክ መጠቅለያውን ሳይጠቅስ አያልፍም፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ያለው የልደት ሥዕልም ሕፃኑን ተጠቅልሎ በግርግም ያሳየናል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኖስ ስለ ሴቶች ሕክምናና ስለ አዋላጅነት በጻፈው መጽሐፍ ጥቅለላውን ከክንድ እስከ እግር ደረጃ በደረጃ ያስተምራል፤ ጨርቁን አንዳንዱ በ40 ቀን፣ ሌላው በ60 ቀን እንደሚፈታውም ጽፏል። አርባ ቀን ለእኛ ጆሮ እንግዳ ቁጥር አይደለም። ከሞንጎሊያ እስከ ሩሲያ፣ ከቱርክ እስከ ሰሜን አሜሪካ ናቫሆዎች ድረስ ሕፃን በጨርቅ፣ በቀበቶ ወይም በሳንቃ ላይ ሲታሰር ኖሯል።

አንድ ምስል ግን ከሁሉም በላይ አስቆመኝ። ፍሎረንስ ውስጥ ኦስፔዳሌ ዴሊ ኢኖቼንቲ የተባለ፣ ወላጅ የጣላቸው ሕፃናት የሚያድጉበት የነበረ ቤት አለ። በግንባሩ ላይ አንድሬያ ዴላ ሮቢያ እ.ኤ.አ. በ1487 የሠራቸው የሸክላ ሕፃናት በሰማያዊ ክብ መደብ ውስጥ ነጭ ሆነው ይታያሉ፦ ከወገባቸው በታች በጨርቅ ተጠምጥመዋል፣ እጃቸው ግን ተዘርግቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዓርማው ያደረገው ከእነዚህ አንዱን ነው። ልብ በሉ፤ እጁ የተለቀቀ፣ እግሩ የታሰረ ልጅ ነው። ዛሬ ይኸው አካዳሚ ለወላጆች የሚነግረው ሥዕሉን ገልብጦ ነው፦ እጁን ብትጠቀልሉት ጠቅልሉት፣ እግሩን ግን ልቀቁለት።

በአውሮፓ በጨርቁ ላይ የተነሡት መጀመሪያ ሐኪሞች፣ ቀጥሎ ፈላስፎች ናቸው። ሐኪሙ ዊልያም ካዶጋን እ.ኤ.አ. በ1748 ስለ ሕፃናት አያያዝ ባሳተመው ጽሑፍ ጥቅለላን አወገዘ፤ ሩሶም በ1762 «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ሞግዚቶች ሕፃኑን ጠፍረው ከሚስማር ላይ ሰቅለው ወደ ሥራቸው እንደሚሄዱ በቁጣ ጻፈ። ቁጣው ከጨርቁ ይልቅ በሞግዚቶቹ ላይ ይመስለኛል፤ የገዛ ልጆቹን ለማሳደጊያ ሰጥቶ የሄደ ሰው መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ ትንሽ ያስተዛዝባል። ያም ሆነ ይህ ምዕራባውያኑ ቀስ በቀስ ጨርቁን ተዉት፤ ከዚያ ደግሞ በእኛ ዘመን ተመልሰው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ብሔራዊ ዘመቻ ጀመረች። በጀርባው የተኛ ጨቅላ ደግሞ ይደነግጣል፣ እጁን እያወናጨፈ ራሱን ይቀሰቅሳል። እንቅልፍ ያጡት ወላጆች መፍትሔ ሲፈልጉ ሃርቪ ካርፕ የተባለው የሕፃናት ሐኪም በ2002 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ የድሮውን ጥቅለላ አቧራውን አራግፎ አቀረበላቸው።

ድንጋጤው ተፈጥሮ ነው። በር ሲንጓጓ ወይም ራሱ ትንሽ ዝቅ ሲልበት ጨቅላው ሁለት እጁን ዘርግቶ መልሶ ይሰበስባል፤ የሚወድቅ እየመሰለው ነው። ክንዶቹ ሰብሰብ ብለው ከተያዙ ይህ ድንጋጤ እንቅልፉን አይቆርጠውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፒዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ እስከዚያ ድረስ የተደረጉትን ጥናቶች የሰበሰበ ሰፊ ዳሰሳም የአያቶችን ቃል አጽንቷል፦ የተጠቀለለ ሕፃን ብዙ ይተኛል፣ ቶሎ ቶሎ አይባንንም፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ያረጋጋል፣ በመርፌ ጊዜ ሕመም ያስታግሳል። ለዚህ ነው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ራሳቸው የሚጠቀልሉት። ስለዚህ «ጭፍን ልማድ ነው» የሚል ሰው ከመረጃው ቀድሞ የሮጠ ነው።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው።

የጭን አጥንት ራስ ዳሌ ውስጥ የሚቀመጠው ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነው። አዲስ በተወለደ ልጅ ግን ሙቀጫው ገና ያልደረቀ ሸክላ ነው፦ አብዛኛው ልም አጥንት፣ ጅማቶቹም በእናቱ ሆርሞን የላሉ። ይህ ሸክላ ጎድጉዶ በቅርጹ የሚደርቀው ዘነዘናው በትክክል መሐሉ ላይ ተቀምጦ ሲንቀሳቀስበት ነው። ማሕፀን ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭኑን ከፍቶ ወራት ያሳለፈን ልጅ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ሁለት እግሩን ገጥሞ ቀጥ አድርጎ ማሰር የአጥንቱን ራስ ወደ ሙቀጫው ከንፈር ይገፋዋል። አንዳንዱ ልጅ ይቋቋመዋል፣ አብዛኛውም ይቋቋመዋል። ያልተቋቋመው ግን ጉድጓዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል ወይም ጭራሽ ውልቃት ይሆናል። ሕፃን ሳለ አያመውም፤ ስለዚህ አይነግረንም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መሄድ ሲጀምር ሲያነክስ ነው። ያኔ ወጌሻ ዘንድ መውሰድ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ አንዳንዴም ከማጥፋት የባሰ ነው።

ለዚህ ከሁሉም የጠራው ማስረጃ የመጣው ከጃፓን ነው። እዚያ ሕፃናትን እግር አቅንቶ ማልበስና መጠቅለል የተለመደ ሲሆን፣ የዳሌ ውልቃት ከ100 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ይታይ ነበር። ያማሙሮና ኢሺዳ የተባሉ ሐኪሞች ነገሩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1975 ብሔራዊ ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ለማን የታለመ ይመስላችኋል? ለአያቶች። መድኃኒት አልታደለም፣ ቀዶ ጥገናም አልተስፋፋም፤ የልጁን እግር አታቅኑት፣ እንደታጠፈ ይቆይ ብቻ ነው የተባለው። ቁጥሩ ወደ 0.2 በመቶ ወረደ። ጃፓኖቹ አያቶችን ከመውቀስ አያቶችን ማስተማር እንደሚያዋጣ የገባቸው ሰዎች ናቸው።

በሌላው ጫፍ አፍሪካ አለች። ማላዊ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ40,000 በላይ ሕፃናትን የአጥንት ሕክምና መዝገብ ቢያገላብጡ በዚህ የዳሌ ችግር ቀዶ ጥገና የተደረገለት አንድም ልጅ አላገኙም። ምክንያቱን ከማዘል ጋር አያይዘውታል። የታዘለ ልጅ ጭኑ ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ የእናቱን ወገብ አቅፎ ነው የሚውለው፤ የአጥንቱ ራስ ሙቀጫው መሐል ላይ ይቀመጣል። በሽታውን ለማከም ሐኪሞች የሚያስሩት፣ ቼኩ አርኖልድ ፓቭሊክ የፈለሰፈው ማሰሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ እግርን አጥፎ ከፍቶ መያዝ። በጨርቅ የተሠራ አንቀልባ በሉት።

እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ሙሉ አይደለም፤ ገጠር ያለ አንካሳ ልጅ ሁሉ ሆስፒታል መዝገብ ውስጥ አይገባም። አንቀልባችን ይጠብቀናል ብሎ መተኛትም አይቻልም። ማላዊ ውስጥ ልጅ ቶሎ ይታዘላል፤ በእኛ ዘንድ ግን አንቀልባ የሚወጣው አንገቱ ሲጸና፣ ወደ ሦስተኛው ወር ነው። ሸክላው በጣም ለስላሳ በሆነባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ያለው ጨርቅ ውስጥ ነው። ዛጎል የተደረደረበት ያ ቆዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ተራውን ይጠብቃል። ከቤተሰብ ዳሌው የወለቀ ሰው ካለ፣ ልጁ በመቀመጫው የመጣ ከሆነ፣ ወይም ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ዳይፐር ስትቀይሩ አንዱ ጭን እንደ ሌላው የማይከፈት ከሆነ፣ ወይም አንዱ እግር አጠር ያለ ከመሰላችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አሳዩት።

የአማቴን ጥያቄ ግን አልመለስኩም። ሰባቱም እግራቸው ቀጥ ያለው ለምንድን ነው?

ሕፃን ሁሉ ሲወለድ እግሩ ጎበጥ ያለ ነው፤ ማሕፀን ውስጥ ተጣጥፎ ስለኖረ ነው። ሁለት ዓመት እስኪሆነው ድረስ በራሱ ይቃናል። የተጠቀለለውም ይቃናል፣ ያልተጠቀለለውም ይቃናል። ጨርቁ ለሰባት ልጆች ያላደረገውን ሥራ ምስጋና ሲቀበል ኖሯል ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ የከፋ ነው፦ በእውነት እግር የሚያጣምመው ሪኬትስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ነው። እግሩ እንዳይጣመም ተብሎ ወራት ተሸፋፍኖ ያደገ ልጅ እግሩ የሚጣመምበት መንገድ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ የእኛው ነው። ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው ኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ነው። የሳንባ ምች ይዟቸው ከተኙ 500 ሕፃናት 210 ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ካልነበረባቸው 500 ደግሞ 20 ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀናንሰው እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ሳንባን እንደ ልብ አያስተነፍስም። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር ይህ መሆኑ ያስቆጫል። «ብርድ ይመታዋል» ብለን የምንደርብበት ጨርቅ በዚህ በኩል የምንፈራውን በሽታ ራሱን ሊጠራ ይችላል።

ጠዋት ጠዋት ልጅ ይዞ ፀሐይ ማሞቅ እናቶቻችን ያቆዩልን ጥሩ ነገር ነው፤ አደራረጉ ላይ ግን እንሳሳታለን። አፍንጫው ብቻ የሚታይ ጥቅል ልጅን በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ጨርቁን ማሞቅ ነው። ከመስታወት ጀርባ ማስቀመጥም አይረዳም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጨርቁ ይፈታ፣ እጅና እግሩ ፀሐይ ያግኝ፣ ዓይኑ ይከለል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይግባ። አሜሪካና እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሐኪማቸው በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያዝላቸዋል፤ የእናት ጡት ወተት ይህ ቫይታሚን ስለሚያንሰው ነው እንጂ ወተቷ ተንቆ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ያለው ልጅ በክረምት አገር ያለ ጠብታው ይቸገራል።

ስለ ደረቱ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ በቱርክና በቻይና የተሠራ ጥናት ቢያንስ 3 ወር የተጠቀለሉ ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 4 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል፤ ደረት ታስሮ እንደልብ መተንፈስ አለመቻሉ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ጥብቅ ጥቅለላ አእምሮውን ያዘገየዋል የሚለውን ስጋት በተመለከተ ግን ሞንጎሊያውያን አሳርፈውናል። በዋና ከተማቸው ኡላንባታር 1,279 ጨቅላዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በአገሩ ልማድ ለወራት ተጠቀለሉ፣ ግማሾቹ ተተዉ። ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሲመዘኑ በአእምሮም በእንቅስቃሴም ልዩነት አልተገኘም። አንዳንዴ ፍርሃታችንም ከልማዳችን እኩል ሊመረመር ይገባዋል።

ነፍስ የሚነካው ክፍል እንቅልፉ ነው። ጤነኛ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ባልታወቀ ምክንያት የሚሞትበት ድንገተኛ ሞት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አራት ጥናቶችን ያጣመረ ትንታኔ ጨርቁ ከአተኛኘት ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን አሳየ። ተጠቅልሎ በሆዱ የተኛ ሕፃን አደጋው 13 እጥፍ ገደማ ነው፤ በጎኑ የተኛ 3 እጥፍ፤ በጀርባው የተኛ እንኳ 2 እጥፍ ይጠጋል፤ ዕድሜው ሲጨምርም አደጋው ይጨምራል። ጥናቶቹ ጥቂት ናቸው፤ «ጥቅለላ» ሲሉም ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ማለታቸው አይደለም። ግን የሚያመለክቱት አንድ ወገን ነው፤ ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም። የተገለበጠ ልጅ እጁ ታስሮ ከሆነ ፊቱን ከፍራሹ የሚያላቅቅበት ነገር የለውም።

እኛ ዘንድ ልጅ በጎኑ የሚተኛው «ሲያስመልሰው ትን እንዳይለው» ተብሎ ነው። ከልብ የመነጨ ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ሲተኛ ትን የማለቱ ዕድል አይጨምርም። የጎን አተኛኘት ደግሞ የሚጸና አይደለም፤ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ወደ ሆዱ ይደፋል። ሌላው ነጠላን ፊት ላይ መጣል ነው፤ ለብርድም ለዓይንም ተብሎ። ሰው እንዳያየው ከተፈለገ በሩን መዝጋት ይሻላል፤ ፊቱ የተሸፈነ ልጅ ያወጣውን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። አራስ ቤት በሩ ተዘግቶ ከሰል ሲቀጣጠል ደግሞ ነገሩ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ የከሰል ጢስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል።

እናትና ልጅ በአንድ አልጋ መተኛታቸውስ? የአሜሪካ ሐኪሞች ክፍሉን ተጋሩ፣ አልጋውን አትጋሩ ይላሉ። ብዙ ቤት ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኛም ቤት ነበር። ቢያንስ ሁለቱን አደጋ አንድ ላይ አለማድረግ ይቻላል፦ ከእናቱ ጎን የሚያድር ልጅ አይጠቅለል። ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ቢመጣ የሚገፋበት እጅ ይኑረው፤ የእናቱ ሙቀትም በጨርቁ ሙቀት ላይ አይደረብበት።

ሙቀት ላይ ሁላችንም አንድ ስሕተት እንሠራለን፤ የልጁን እጅ ነክተን «ቀዘቀዘ» እንላለን። የጨቅላ እጅና እግር ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ይላል። የሚነካው ማጅራቱና ደረቱ ነው። ላብ ካለበት ወይም ከፋመ በዝቷል፣ አንድ ይቀነስ። ትክክለኛው የሰውነት ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ሲያተኩሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠቀለልም፤ ትኩሳት ያለበት ጨቅላ ቦታው ጤና ጣቢያ ነው።

ከጨርቅ በፊት የሚመጣ ሌላ መጠቅለያ እንዳለም መዘንጋት የለበትም፤ የእናት ደረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ልጁ እንደተወለደ ደርቆ፣ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ እንዲሆን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲቆይ፣ ገላው ሳይታጠብም 24 ሰዓት እንዲያድር ነው። ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሕፃናትን በእናት ደረት የማሞቅ ዘዴ፣ ካንጋሩ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሣጥን ስላልበቃ የተጀመረ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቦጋለ ወርቁና አሳዬ ካሴ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ደረት ላይ ከዋሉት 22.5 በመቶ ሲሞቱ በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶ ሞተዋል። እነዚህን ልጆች ጨርቁ ከእናታቸው ደረት ያዘገየበት እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚታሰረው ልጁ ከእናቱ ጋር ነው እንጂ ልጁ ለብቻው አይደለም። ለጤነኛውም ቢሆን ጡት ሲጠባ ይፈታ። እጁን ወደ አፉ ማምጣቱ «ራበኝ» የሚልበት ቋንቋው ነው፤ እጁ ታስሮ ጸጥ ብሎ የሚተኛ የሦስት ቀን ልጅ ሁልጊዜ የጠገበ ልጅ ላይሆን ይችላል።

ውጭ አገር ይህ ሁሉ ሌላ መልክ አለው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትወልድ እናት ሆስፒታሉ ዳሩ ሮዝና ሰማያዊ መስመር ያለበት ብርድ ልብስ ይዞ ይጠብቃታል፤ ነርሷ ልጁን እንደ ቡሪቶ ጠቅልላ ታቀብላታለች። ከአገር ቤት በቪዛ ለማረስ የመጡት እናቷ ይህን ሲያዩ «ድሮስ ምን አልኩ?» ማለታቸው አይቀርም። ከሳምንታት በኋላ ግን እናትየው ሥራ ስትመለስና ልጁ ማቆያ ሲገባ፣ እዚያ አንጠቀልልም ይሏታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአገሪቱ የሕፃናት ማቆያ መመዘኛ ጥቅለላን አይመክርም፣ የከለከሉት ግዛቶችም አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ልጅ የያዘች ሞግዚት የትኛው ልጅ መገልበጥ እንደጀመረ አትከታተልም። ገበያው ደግሞ ዚፕ ያላቸውን፣ በማጣበቂያ የሚዘጉትን ይሸጥላታል። እነዚህ ሰፋ ያለ ታች ካላቸው ጥሩ ናቸው። ክብደት የተሰፋባቸውን ግን አካዳሚው በ2022 በግልጽ አውግዟቸዋል፤ የጨቅላ ደረት ላይ ጥራጥሬ መጫን ማን እንዳሰበው እንጃ።

እኛን ያስታረቀን በ45 ቀኑ ክትባት ጤና ጣቢያ ያገኘናት ሲስተር ናት። ልጁን ስትፈታ እግሩ እንደ ሻማ ተገጥሞ አገኘችው፤ አልተቆጣችም። «እማማ፣ ከላይ ያለው እጅዎ በጣም ጥሩ ነው፤ ከታች ብቻ ልጨምርልዎ» አለቻቸው። ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና የላይኛውን ጫፍ አጠፈች። ልጁን በጀርባው አስተኝታ ትከሻውን ከእጥፋቱ ጋር አስተካከለች፤ ከትከሻ በላይ ጨርቅ አይሄድም። ቀኝ ክንዱን ክርኑን ትንሽ አጥፋ ከጎኑ አደረገችና ጨርቁን በደረቱ አሻግራ ከጀርባው ሥር ሸጎጠች፤ ግራውንም እንዲሁ። ከዚያ አራት ጣቷን በጨርቁና በደረቱ መሐል አስገብታ አወጣች። «እጅዎ ካልገባ ልጁም አይተነፍስም።» የታችኛውን ጫፍ ግን አልሳበችውም፤ ጠምዘዝ አድርጋ፣ ከረጢት አስመስላ፣ ልቅ አድርጋ ከሥሩ መለሰችው። ልጁ ከረጢቱ ውስጥ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰበሰበና እንደ እንቁራሪት ጭኑን ከፈተ። አልነቃም።

አማቴ ጎንበስ ብለው አዩት። አንድ ጊዜ ራሳቸው ሞከሩት፤ ሁለተኛው ላይ ከእሷ ይበልጥ አማረላቸው። «እስኪገለበጥ ድረስ ነው» አለች ሲስተር፤ «ለመገልበጥ ሲንፈራገጥ ያዩ ቀን ጨርቁ አለቀ።» አንዳንዱ ልጅ በሁለት ወሩ፣ ብዙው በሦስትና በአራት ወር መካከል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጨርቅ መጀመር ደግሞ አይገባም፤ ሦስት ወር ሳይጠቀለል የኖረ ልጅ ድንገት ሲጠቀለል በቀላሉ እንደማይነቃ ታይቷል፣ መንቃት መቻሉ ደግሞ ነፍሱን የሚያድንበት ነገር ነው።

የእኛው ልጅ በአሥራ አንደኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በጎኑ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ እጁ ከነጠላው ወጥቶ ፍራሹን ይጨብጣል። ሚስቴ አየችኝ፣ እኔ አማቴን አየሁ። የዚያን ዕለት ሌሊት ሳይጠቀለል አደረ፤ እኛም ሳንተኛ አደርን። አራት ሌሊት ያህል እጁ እየደነገጠ ሲቀሰቅሰው፣ አማቴ እየተነሡ ደረቱ ላይ መዳፋቸውን ጫን አድርገው ሲያቆዩት ሰነበቱ። በአምስተኛው ለመደ። ነጠላውን አጥበው አስጥተው ለኪዳነ ምሕረት ራሳቸው ለበሱት።

አንገቱ ሲጸና ከደብረ ብርሃን ያመጡትን አንቀልባ ከሻንጣቸው አወጡ። ጀርባቸው ላይ ሲያስቀምጡት እግሮቹ ወዲህና ወዲያ ተከፍተው ወገባቸውን አቀፉ፣ ጉልበቶቹ ከቀበቶው በላይ ብቅ አሉ። ግቢውን ሁለቴ ዞረው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ያቺን ነርስ ካገኘሃት ንገራት፤ እግሩን ለቅቄለታለሁ።»